የሸራፋዋ ፉጨት

ሥራ ቦታ «ጆሮ» ነው የሚሏት። በባሕር እንስሳት ጥናት ጣቢያው ውስጥ ከውኃ በታች ያለውን ድምፅ የምትቀዳው እሷ ናት። ማዳመጫዋን ከጆሮዋ የምታወርደው ምሳ ስትበላ ብቻ ነው፤ እሱንም አንዳንዴ ትረሳዋለች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት አዛውንቱ ጀልባ ነጂ ናቸው። እሳቸውን ደግሞ ሁሉም «ካፒቴን» ይላቸዋል፤ ጀልባቸው ግን ከአንድ ሚኒባስ ብዙም አትበልጥም። ስም ማውጣት ነፍሳቸው ነው። የዶልፊኖቹንም ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው። የጀርባ ክንፏ ጫፉ ላይ የተሸረፈባትን እናት «ሸራፋዋ» አሏት፤ ከጎኗ የማይለየውን ግልገሏን «ጩጬው» አሉት፤ ሸራፋዋ ዓሣ ልታድን ጠለቅ ስትል ጩጬውን ላይ ሆና የምትጠብቅላትን ሌላዋን ሴት ዶልፊን ደግሞ «አክስትየዋ» አሏት። ዝምድናቸውን ያጣራ የለም። ካፒቴኑ ግን የሌላ ሰው ልጅ የምትጠብቅ ሁሉ አክስት ናት ብለው ደመደሙ፤ ማን ይከራከራቸዋል?

ሸራፋዋ ሞተች። አንድ የሚጣደፍ ጀልባ በሞተሩ ጀርባዋን ሰንጥቋት አለፈ። ዶልፊን እንደ ዓሣ ውኃ ውስጥ የሚተነፍስበት ስንጥብ የለውም፤ የሚተነፍሰው እንደ እኛ በሳንባ ነው፣ ለመተንፈስም ወደ ላይ መውጣት አለበት። ጩጬውም ይህን ስለሚያውቅ የእናቱን ሬሳ በአፍንጫው እየገፋ ወደ ላይ ሲያወጣት፣ ስትሰምጥ እንደገና ሲያወጣት ዋለ። በኋላ ሬሳዋን ሞገዱ ነጠቀው። ሲፈልጋት መንገዱን ስቶ ነው መሰል፣ ከመንጋው ተለይቶ ወደቡ ውስጥ ገባ። እዚያው መርከቦቹ መሀል ቀረ።

ወደቡ ደግሞ በሚቀጥለው ሰኞ አዲስ ማራገፊያ ለመሥራት የብረት ምሰሶ መትከል ይጀምራል። ምሰሶው የሚተከለው በትልቅ መዶሻ እየተቀጠቀጠ ነው። ያ ድምፅ ውኃ ውስጥ ሲሰማ ሰውን የሚያደነቁር ከሆነ ዶልፊንን ያሳውራል ማለት ነው፤ ዶልፊን የሚያየው ይበልጡን በድምፅ ነውና። ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፣ ድምፁ ዓሣው ላይ ወይም ድንጋዩ ላይ ነጥሮ ሲመለስለት በታችኛው መንጋጋው ይቀበለዋል፣ ዓለሙን በዚያ ይለያል። የደነቆረ ዶልፊን ዓሣ አያገኝም። ስለዚህ ጩጬው ከሰኞ በፊት መውጣት ነበረበት።

ዶልፊን የራሱ ስም አለው። ካፒቴኑ የሚያወጡለት ዓይነት ሳይሆን ራሱ ለራሱ የሚያወጣው። በተወለደ በመጀመሪያው ዓመት ገደማ የራሱን ፉጨት ይፈጥራል፤ ከዚያ ወዲያ ያቺን ፉጨት ዕድሜ ልኩን አይተዋትም። ከሌሎቹ ሲለይ «እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» ለማለት የሚያፏጨው እሷኑ ነው። የሸራፋዋ ፉጨት ሁለቴ ወደ ላይ ወጥታ መጨረሻዋ ላይ እንደ ጥያቄ የምትንጠለጠል ነበረች። የጆሮ ኮምፒውተር ውስጥ የሁሉም ፉጨት አለ፣ የሞቱትም፣ ያሉትም።

የጣቢያው ኃላፊ፣ ዶክተሯ፣ ዘዴ አመጡ። ድምፅ ማጉያውን ከጀልባው ሥር ማንጠልጠል፣ የአክስትየዋን ፉጨት ማጫወት፣ ጩጬው ሲከተል ቀስ እያሉ ከወደቡ አፍ አሳልፎ መንጋው እስከሚውልበት ባሕረ ሰላጤ ድረስ ማድረስ። ጆሮ ለምን የእናቱን አናጫውትለትም፣ ለእሷ ይበልጥ ይመጣል ስትል ጠየቀች። ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት።

«አክስትየዋን ተከትሎ ከሄደ ድምፁ የሚያልቅበት ቦታ ላይ አክስትየዋን ያገኛታል» አሉ። «የእናቱን ተከትሎ ቢሄድ ማንን ሊያገኝ ነው?»

ጆሮ እሺ ብላ ወጣች።

ረቡዕ ጠዋት ሄዱ፤ ካፒቴኑ መሪው ላይ፣ ጆሮ ኋላ ላይ ከኮምፒውተሯ ጋር። ዶክተሯ ስብሰባ ነበራቸው። ጆሮ የአክስትየዋን ፉጨት አጫወተች። ጩጬው ዝገት ከበላው መርከብ ጥላ ሥር ብቅ አለ፣ ተነፈሰ፣ ትንሽ መጣና ተመለሰ። ደገመች። መጣና ተመለሰ። ቀኑ እየሞቀ ሄደ። ከሰዓት በኋላ የልጇ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ነው። ልጇ ገና ስድስት ዓመቷ ነው፣ ቤት «ሚጢጢ» ነው የምትባለው፤ መድረክ ላይ ግጥም በቃሏ ልትል ሳምንቱን ሙሉ ከመስታወት ጋር ስትታገል ሰንብታለች። ጆሮም እመጣለሁ ብላ ምላላታለች። ሰዓቷን አየች። መርከቡን አየች። ጩጬው ጥላው ውስጥ ገብቶ ነበር።

እጇ ሄደ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያደርግ «አሁን ክፉ ልሠራ ነው» ብሎ አይነሳም፤ አንዴ ብቻ ነው፣ ደግሞ ለእሱው ብዬ ነው ይላል። እሷም አለች። የሸራፋዋን ፉጨት ከፈተች።

ጩጬው መጣ ማለት አይበቃም። ከጥላው ውስጥ ተወርውሮ ወጣ፣ አየር ላይ ዘለለ፣ ወደቀ፣ እንደገና ዘለለ። በማዳመጫዋ ውስጥ የራሱን ፉጨት ሳያቋርጥ ሲያስተጋባ ሰማችው፦ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ። ካፒቴኑ የሚሰሙት ነገር የለም፤ የሚያዩትን አይተው ግን እየሳቁ ይሄ ልጅ ዛሬ ምን አግኝቶ ነው አሉ። ጆሮ «አክስቱ ናፍቃው ነው» አለች። ዓይኗን በጨው አጥባ።

ከወደቡ አፍ አወጡት። ባሕረ ሰላጤው ሲደርሱ መንጋው አልነበረም፤ ዓሣ ተከትሎ ራቅ ብሎ ነበር። ጆሮ ድምፁን አጠፋች። ጩጬው ጀልባዋን ዞረ፣ እያፏጨ ዞረ። ከዚያ ወደ ድምፅ ማጉያው ጠጋ ብሎ ከሥር በአፍንጫው ጎነተለው። ግልገል ዶልፊን ጡት ሲፈልግ የእናቱን ሆድ እንዲህ ነው የሚጎነትለው። ዓሣ ቢለምድም እስከ ሦስት ዓመቱ ይጠባል፤ ጩጬው ደግሞ ገና ጡት አልጣለም። የብረት ሳጥኑን ጎነተለ። ጠበቀ። መልሶ ጎነተለ። ጆሮ ሳጥኑን ጎትታ ከውኃ አወጣችውና እንመለስ አለች፤ ጩጬውም ጀልባዋን ተከትሎ ወደቡ ውስጥ ተመልሶ ገባ።

ትምህርት ቤት ስትደርስ የጽዳት ሠራተኞቹ ወንበር እየደራረቡ ነበር። ሚጢጢ ከአያቷ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ግጥሙን ጨርሳው ነበር። ውሸቱም አላደረሳትም ማለት ነው።

ለዶክተሯ ፉጨቱ ሠርቷል፣ መንጋው ግን አልነበረም ብላ ነገረቻቸው። «የማን ፉጨት» ብለው አልጠየቋትም፤ እሷም አልጨመረችም። ሐሙስ ያንኑ ደገመች። አንዴ ከተጀመረ ወዲያ የአክስትየዋን ማጫወት ጊዜ ማባከን መሰላት። ጩጬው መጣ፣ ግን ራቅ ብሎ ነው የተከተለው፤ መሀል መንገድ ላይ ቆመና ተመለሰ። ዓርብ የሸራፋዋን ስታጫውት ጥላውን ለቆ አልወጣም። ደንግጣ የአክስትየዋን አጫወተች። ዞርም አላለም። ካፒቴኑ «ልጁ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» አሉ። ጆሮ ማዳመጫዋን በሁለት እጇ ጫን አድርጋ ያዘች። የጩጬው ፉጨት የለም። መዋኘቱ አለ፣ ጠቅታው አለ፤ «እኔ ነኝ» ማለቱ ግን ቀርቷል።

ዶክተሯ ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ዋሉና ጥፋቱን የካፒቴኑ ሞተር ላይ አገኙት። ያረጀ ነው፣ ይጮኻል፣ ግልገሉን ያስደነገጠው እሱ መሆን አለበት። ሌላ ጀልባ እንከራያለን፣ እርስዎ ለጊዜው ይረፉ አሏቸው። በትሕትና ነው የተናገሩት፤ እረፍ ማለት ግን እረፍ ማለት ነው። ካፒቴኑ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

«ይሄ ሞተር ልጆቼን አሳድጎልኛል» አሉ። «ዶልፊን ሲያስደነግጥ ግን ሰምቼ አላውቅም።»

ወጥተው ጀልባቸው ላይ ተቀመጡና ሞተሩን በጨርቅ ይወለውሉት ጀመር፤ ንጹሕ ነበር። ጆሮ አጠገባቸው ሄዳ ቆመች። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «አይዞዎት ጋሼ» ነበር። እሳቸውም አመሰገኗት። ያ ምስጋና እስከ ቤቷ ድረስ የእግር እሳት ሆነባት።

ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ሚጢጢን የሚይዙላት እናቷ ናቸው። ጆሮም ለቀናት ባሕር ላይ ስታድር ልጇ እንዳይከፋት ብላ፣ አምና ድምጿን በትንሽ ማጫወቻ ቀድታ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣላታለች። ጥርሷ የጠፋባት አይጥ ተረት አለ፤ ብይልኝ የኔ ቆንጆ የሚል አለ፤ አሁን መጣሁልሽ የሚል አለ፤ እጅሽን ታጠቢ የሚል አለ፤ አሁን ተኚ የሚል አለ። ተረቱን የቀዳችው ጉንፋን ይዟት ነበር፣ መሀሉ ላይ ታስላለች። ሙያዋ ድምፅ የሆነ ሰው እንዲህ ያለውን ቅጂ መጣል ነበረባት፤ እንደገና እቀዳዋለሁ እንዳለች ጊዜ አጥታ ቀረ። የጆሮ እናት ማጫወቻውን ወደውታል። ሚጢጢ አልበላ ስትል አንዱን ይጫናሉ፣ አልተኛ ስትል ሌላውን። በኋላማ ጆሮ ከተማ ውስጥ ሆና ስታመሽም ይጫኑት ጀመር።

ዓርብ ማታ ጆሮ በሩን ከፍታ ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን እያወለቀች ልጇን ጠራቻት፣ የኔ ቆንጆ፣ መጣሁልሽ አለች። መልስ የለም። በተከፈተው በር አየቻት። ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ኩብ ትደረድራለች፤ ራሷንም ቀና አላደረገችም። ጆሮ ሁለተኛ ጠራቻት።

ሚጢጢ ዞር ሳትል ወደ ወጥ ቤቱ ጮክ ብላ «እማማ፣ አጥፊው» አለች።

አያት ከወጥ ቤት ብቅ አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት። «ምን ታደርግ» አሉ፣ «ቀኑን ሙሉ ‹መጣሁ› እያልሽ ትውያለሽ፣ መጥተሽ ግን አታውቂም።» ክፋት የለባቸውም፤ ነገሩ አስቋቸው ነው። ሚጢጢም ዞር ብላ አየቻት፣ «እንዴ፣ አንቺ ነሽ?» አለችና ወደ ኩቦቿ ተመለሰች።

ጆሮ አንድ ጫማዋን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ጩጬው ለምን ዝም እንዳለ ያኔ ገባት። እሱ በሚያውቀው ዓለም ፉጨት ካለ አካል አለ። «እዚህ ነኝ» ብሎ የጠራው ሁሉ እዚያው ይገኝ ነበር። እሷ መጥታ አካል የሌለው እናት ሰጠችው፤ ሄደ፣ ፈለገ፣ ብረት ጎነተለ። ሁለት ቀን ያታለለውን ድምፅ ሦስተኛው ቀን ላይ ናቀው። የናቀው ደግሞ የእናቱን ብቻ አይደለም፤ መጥራት የሚባለውን ነገር ነው። አሁን እውነተኛዋ አክስት ወደቡ አፍ ላይ ቆማ ብትጠራው እንኳን አያምናትም። ሰኞ ምሰሶው ይጀመራል። ጆሮ እራት አልበላችም።

ቅዳሜ ጠዋት ካፒቴኑን ከጀልባቸው ላይ አስነስታ ይዛቸው ዶክተሯ ቢሮ ገባች። ቢሮው የእርጥብ ሕይወት አድን ጃኬት ሽታ አለው፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ የዶልፊን መንጋጋ የወረቀት መጫኛ ሆኗል።

«ሞተሩ አይደለም» አለች ገና ሳትቀመጥ። «እኔ ነኝ። የሸራፋዋን ነው ያጫወትኩት።»

«መቼ?»

«ረቡዕም፣ ሐሙስም። ትናንት ደግሞ ሁለቱንም።»

ዶክተሯ አልጮኹባትም፤ ቢጮኹባት ይሻላት ነበር። መንጋጋውን ከወረቀቶቹ ላይ አንስተው ወደ ጎን አደረጉት። ቀጥለው ከዛሬ ጀምሮ ውኃ ውስጥ ማጉያ የሚባል ነገር እንደማይገባ፣ እሷም ማዳመጥ እንጂ ማጫወት እንዳከተመላት ነገሯት። ለግልገሉ የቀረው ተስፋ ዝምታና ጊዜ ነው አሉ። ጊዜውን የሚሰጠው የወደቡ ሥራ አስኪያጅ ነው። «ለእሱ የምነግረው እኔ አይደለሁም» አሉ። «አንቺ ነሽ።»

ጆሮ ወደ ካፒቴኑ ዞረች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔን ተዪኝ፣ ሞተሩን ይቅርታ ጠይቂው» አሉ ካፒቴኑ። «እኔማ አፍ አለኝ፤ እሱ ምን ብሎ ይከራከር።» ቀልድ ነው፤ እሳቸው ግን አልሳቁም፣ ቀልደው ሳይስቁ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነበር።

የወደቡ ሥራ አስኪያጅ ጥድፊያ ያደከመው ወፍራም ሰው ነው። ዓሣ አኮረፈ ብዬ ሥራ ላቁም ነው የምትዪኝ አላት። ጆሮ ዓሣ አይደለም፣ ጡት ይጠባል አለችው። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ የማንን ፉጨት እንዳጫወተች፣ ለምን እንደቸኮለች፣ ሳጥኑን እንዴት እንደጎነተለው። ራሷን ለማዳን አንድ ቃል እንኳን አላስተረፈችም። ሰውየው የራስ ቁሩን ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያዞረው ቆየና እስከ ሐሙስ ሰጣት። ከዚያ በኋላ ማንንም አልሰማም አለ።

ሰኞና ማክሰኞ ጆሮና ካፒቴኑ ጀልባዋን ከወደቡ ግንብ ጋር አስረው፣ ሞተር አጥፍተው ተቀመጡ። ማጉያው ቢሮ ተቆልፎበታል። ውኃ ውስጥ ያለው ድምፅ የሚቀበለው ማይክሮፎን ብቻ ነው። ጩጬው በዝገታሙ መርከብ ዙሪያ ይዞራል። እንቅልፍ ሲይዘው አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ዶልፊን ሲተኛ ግማሽ አንጎሉ ይተኛል፣ ግማሹ ነቅቶ ያስተነፍሰዋል፤ የተከፈተው ዓይኑም ብዙ ጊዜ አጠገቡ የሚዋኘውን ወገኑን ይጠብቃል። የጩጬው ክፍት ዓይን የሚያየው ግን ዝገት ነበር። ጆሮ ሆድ ባሳት። ካፒቴኑ አይተው እንዳላዩ ሆኑና ከራሳቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጧት።

ረቡዕ ውኃው ሲሞላ ትናንሽ ዓሦች ወደቡ ውስጥ ጎረፉ፤ መንጋውም ተከትሏቸው እስከ አፉ መጣ። ጆሮ የአክስትየዋን ፉጨት ሰማች። ቅጂ አይደለም፤ ትንፋሽ አለው፣ ይደክማል፣ ከቦታ ቦታ ይሄዳል። አክስትየዋ ጠራች። ጩጬው ፀጥ አለ። ደግማ ጠራች። ጩጬው ፈንጠር ብሎ ከመርከቡ ኋላ ተደበቀ። የጆሮ እጅ ያለ ፈቃዷ ኮምፒውተሩን ፈለገ፤ የሚጫወት ነገር ስለሌለ ጉልበቷን ጨምቃ ያዘች።

አክስትየዋ መጥራቷን ተወች። በጠቅታዋ ፈልጋ አገኘችው፣ መጣች፣ ጎኑን በጎን ክንፏ ዳሰሰችው። ዶልፊኖች እንዲህ ነው የሚዳሰሱት፣ እኛ ትከሻ እንደምንይዘው። ጩጬው አልሸሸም፤ አልተከተላትምም። ሄደች። ካፒቴኑ በለሆሳስ ተራገሙ። ተመለሰች። አሁን እጅግ ቀስ ብላ፣ ተጠግታው አለፈች። እናት ስትዋኝ ጎኗ ላይ የሚፈጠረው ውኃ ግልገሉን ሳይደክም ይዞት ይሄዳል። ያ ውኃ ጩጬውን አቀፈው። መጀመሪያ ዝም ብሎ ተወሰደ። ከዚያ ጭራውን አንዴ መታ፣ ደግሞ መታ። ጎን ለጎን ከወደቡ አፍ ወጡ።

«ምን አለ?» አሉ ካፒቴኑ፣ ወደ ማዳመጫዋ እያዩ።

«ምንም አላለም።»

እስካሁንም አላለም። ጆሮ ማዳመጥ አልተከለከለችምና በየሳምንቱ ባሕረ ሰላጤው ላይ ትሰማለች። መንጋው ሁሉ ስሙን እያለ ያልፋል፤ ጩጬው መሀላቸው አለ፣ ወፍሯል፣ ያድናል። ፉጨቱ ብቻ የለም። ዶክተሯን ይመለስለት ይሆን ብላ ጠይቃቸው ነበር። አላውቅም አሏት፣ እንዲህ ያለ ነገር ማንም ሠርቶ ስለማያውቅ የሚያውቅ የለም።

ማጫወቻውን ከመደርደሪያው አወረደችው። እናቷ አሁን ምኑን ይዤ ላብላት ብለው አጉረመረሙ። ያን ዕለት ምሽት ጆሮ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጥርሷ የጠፋባትን አይጥ ተረት በአፏ ጀመረች። ቃላቱን ያዝ ለቀቅ አደረገቻቸው፤ ሚጢጢ እያረመቻት ሄዱ። አይጧ የጎረቤቷን በር ስታንኳኳ ሚጢጢ እጇን አነሳች።

«ቆይ» አለች። «እዚህ ጋ ትስያለሽ።»

ጆሮ አልገባትም። ልጅቷ ልታሳያት ሁለቴ ሳለች፤ አንዱ ደረቅ፣ ሁለተኛው የታፈነ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ትንፋሽ። የአምናው የራሷ ሳል ነበር፣ ቅንጣት ሳይጎድል። ልጇ ከቃላቱ ጋር አብራ አጥንታዋለች።

«በይ አንቺ» አለች ሚጢጢ፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ እየጠበቀቻት።

ጆሮ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳለች።

ሚጢጢ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠቻትና «እንደዛ አይደለም» አለች።